ቨርና እና በትንፋሽ የሚቆመው ፈረሷ

ቨርና ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ስትወጣ፣ ያልተገራ ፈረስ ገዝታ ራሷ ገራችው። ልጓም ሳትነካ፣ ኮርቻው ላይ ዘና ብላ በረጅሙ ስትተነፍስ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አስለመደችው። የአሜሪካ ከብት አርቢዎች አገር በሆነችው ዋዮሚንግ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈረስ ያስከብራል። ሜዳ ላይ ሲወጡ ግን በየመቶ እርምጃው እየተገተረ አስቸገራት።

ጎረቤቷን ሽማግሌውን ሮይስን ጠራችው። «እስቲ እየው፣ ግትር ነው» አለችው።

ሮይስ በራሱ ፈረስ ጎን ለጎን እየሄደ ያያት ጀመር። ቨርና እንደ ልማዷ የፈታችውን ባሏን ማማት ያዘች።

«ዱዌይን እኮ፣ ያ ሰውዬ…» ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ፈረሱ ቀጥ አለ።

«ይኸው፣ አላልኩህም?»

«ፈረሱስ ደህና ነው» አላት ሮይስ። «ይልቅ ዱዌይንን ከኮርቻው ላይ አውርጂው።»