የማንጠግቦሽ ግራ ዓይን

ይህን ነገር ለሰው ነግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ በየጾሙ እየሄድሁ ስንቱን ተናዝዣለሁ፤ ድንበር መግፋቴን፣ ሐሜቴን፣ በጉርምስናዬ የሠራሁትን ሁሉ። ይህ ግን አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እናንተ የምታነቡት እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ስለማላውቃችሁ ይሆናል የቀለለኝ።

የባለቤቴን የማንጠግቦሽን ግራ ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በርበሬ አይደለም። እሷም አይደለችም። እኔ ነኝ።

ስምንት ዓመት አለፈው። የምንኖረው ከገሳይ ከተማ ወረድ ብላ ባለች መንደር ነው። በዚያ ዓመት ወገቤን አሞኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብቼ ነበር። እንደ ሰው ወገቤን ብቻ ብነክር ምን ነበረበት? ራሴን ሁሉ እየደፈቅሁ ሰነበትሁና ጆሮዬ መምገል ጀመረ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ጆሮ ውስጥ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጡኝ። ነርሷ ጨዋ ልጅ ናት፤ ቀስ ብላ ነገረችኝ። «አባባ፣ ቢሻልዎትም ሰባቱን ቀን ይጨርሱ። የተረፈውን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ፣ እንዳያስቀምጡም፤ ይጣሉት።» እሺ አልኋት። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ ደረቀልኝ፤ መድኃኒቱን ተውሁት። ብልቃጡን ግን አልጣልሁም። መድኃኒት እንደ እህል አይደለም እንዴ? ማን አውጥቶ ይጥላል? ነገ ለአንዱ ይሆናል ብዬ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት።

ጥቂት ቆይቶ የማንጠግቦሽ ግራ ዓይን ቀላ፣ አይናር ያዘ። ከዚያው ጤና ጣቢያ የዓይን ጠብታ ሰጧት። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ የብልቃጡ ጫፍ ዓይኗን ሳይነካ፣ በቀን አራት ጊዜ እንዳደርግላት ነገሩኝ። ራሷን ጭኔ ላይ ታጋድማለች፤ እኔ በጣቴ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጌ አንዲት ጠብታ እጥላለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ወጣት ሳለን እንኳ በቀን እንዲያ ተቀራርበን አናውቅም።

ሁለቱ ብልቃጦች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አውራ ጣት የሚያህሉ። የእኔን በጥቁር ክር፣ የእሷን በነጭ ክር አስሬ ነበር የማውቃቸው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ለመንደሩ ደብዳቤ አነባለሁ፣ የእድሩን ወረቀት አነባለሁ። ብልቃጡ ላይ ያለውን የፈረንጅ ፊደል ግን አልችልም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ሰው ሁሉ «ፈንቴ ያነባል» ይላል፤ እኔም ያንን ስም እወደው ነበር።

በአራተኛው ቀን ሳጥኑን ብከፍት ሁለቱም ክሮች ወልቀዋል። ከእኛ ቤት ቀጥላ አስተማሪ ትኖራለች፤ ብጣራ ትሰማኛለች። አልጠራኋትም። ይልቅ አሰብሁ። የማንጠግቦሽ አዲሱ ነው፤ አዲስ ደግሞ ሙሉ ነው፤ እንግዲያውስ ሞላ ያለው የእሷ ነው አልሁ። የሞላው ግን የእኔው ነበር። በሦስት ቀን የተውሁት እኔ አይደለሁም? የእሷማ በቀን አራቴ እየተንጠባጠበ ጎድሏል። ባለማወቄ ነው ልበል? አይደለም፤ አለማወቄ እንዳይታወቅ ብዬ ነው።

የጆሮውን መድኃኒት ዓይኗ ውስጥ ጣልሁት።

«አንተ ሰው፣ ዓይኔን ልትጠብሰው ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ካላቃጠለ ምኑን መድኃኒት ሆነ? ቻይው» አልኋት።

ቻለችው። ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። እኔን አምና።

በሦስተኛው ቀን ዓይኗ አብጦ አልገለጥ ሲል ጥርጣሬ ገባኝ። ከጓሮ ሄጄ ከዚያው ብልቃጥ አንዲት ጠብታ በራሴ ዓይን ጣልሁ። አንገበገበኝ። ወዲያው ውኃ ቀድቼ ደጋግሜ ታጠብሁት። የእሷን ሦስት ቀን ሙሉ ቻይው አልሁ፣ የራሴን ግን ሳልውል ሳላድር ታጠብሁ። ከዚህ በላይ ምን ልንገራችሁ? ብልቃጡንም ሽንት ቤት ጣልሁት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ነርሷ «ከሰጠናችሁ ሌላ የገባበት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ማንጠግቦሽ በዚያ ሳምንት በርበሬ ስትደልዝ ሰንብታለች። አፌ ቀደመኝ፤ «በበርበሬ እጇ ሳታሸው አልቀረችም» አልሁ። ማንጠግቦሽ ወደ እኔ ዞር አለች። ልታስተባብለኝ መስሎኝ ነበር። «ይሆናል፤ ሳላውቀው ነክቼው ይሆናል» አለች።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ላኩን። ሐኪሙ ብዙ ደከመ። «ምን እንደነካው በትክክል ብናውቅ በረዳን» ሲል አጠገቡ ቆሜያለሁ። ያኔም ዝም አልሁ። ዓይኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ፤ ብርሃኑም በዚያው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ማንጠግቦሽ «በገዛ እጄ ያጠፋሁት ነው» ትላለች። ምራቶቿን ትመክራለች፤ «እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊታችሁን እንዳትነኩ፤ እኔን እዩኝ» ትላቸዋለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ስምንት ዓመት ሰማሁ። አንድ ቀን እንኳ «ተይ እንጂ፣ አንቺ አይደለሽም» ማለት ምን ነበረበት?

ባለፈው ሰሞን የትንሹ ልጃችን ሚስት የሕፃኗን የጆሮ ጠብታ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ስንቴ ነው የሚንጠባጠብላት? ጠፍቶብኛል።»

«ለአባትሽ ስጪው፤ እሱ ያነባል» አለች ማንጠግቦሽ። «እኔን በስንት ትዕግሥት ነው ያስታመመኝ።»

ምራቴ ብልቃጡን እጄ ላይ አስቀመጠችው። አገላብጬ አየሁት።

«ይህን ማንበብ አልችልም» አልሁ። «ድሮም አልችልም ነበር። ወደ ሰጡሽ ሰዎች መልሰሽ ውሰጂና ጠይቂያቸው።»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። «አረጀህ መሰል፣ ፈንቴ። መነጽር ይገዛልህ።»

እሷ የሳቀችው ወዳኝ ነው። እኔ ግን በዚያው ማታ ይህን ለመጻፍ ወረቀትና ብዕር አነሣሁ።

ነገ ልጆቹ ገበያ ሲሄዱ ሁለታችን ብቻ እንቀራለን። ይህን ወረቀት ፊደል በፊደል አነብላታለሁ። ይቅር በይኝ የሚል ቃል አልጻፍሁበትም፤ እንዳትፈልጉት። ማንጠግቦሽን አውቃታለሁ፤ ከጠየቅኋት ገና ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ «እግዜር ይፍታህ» ትለኛለች። ሳትቆጣ እንድትምረኝ አልፈልግም። ይህን ያህል ዘመን ራሷን ስትወቅስ ኖራለች፤ እስኪ ደግሞ እኔን ትውቀሰኝ። የፈጀውን ያህል ይፍጅ፣ እስክትጨርስ ከፊቷ አልነሣም።