ዘጠኝ ባዶ ቤቶች

አሪየት መዳብ የምታገኘው ከሸሪፍ ሞተር ጥገና ነበር። ሸሪፍ የተቃጠለ ሞተር እንደገና ሲጠቀልል የሚያወጣውን አሮጌ ሽቦ «ውሰጂው፣ ለእኔ ቆሻሻ ነው» እያለ በፌስታል ይሰጣታል። ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ ታረፍዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ደጇ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሽቦውን በአሸዋ ትፈትግና ጌጥ ትሠራለች። ጌጧ የገበያ ጌጥ አይደለም። አንዱ ከተበጣጠሰ የዓሣ መረብ የተጎነጎነ ነው፤ ሌላው ሲያደርጉት አንገት ይቧጥጣል። ጎረቤቶቿ እያዩ ይስቁ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

ያልሳቀችው ሶልያና ብቻ ነበረች። ሶልያና ተሰማ ከአምስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ ተመድባ የመጣች የሥዕል መምህርት ናት። የመጀመሪያ ቀን የመረቡን ጌጥ እያገላበጠች «አንቺ የምትሠሪው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንገት ላይ የሚውል ሐሳብ ነው» አለቻት። አሪየት ይህን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስታመነዥከው ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ «መምህር» መባሉ ቀርቶ «ሶሊ» ሆነች፤ ወባ ሲጥላትም ያስታመመቻት አሪየት ናት።

አሪየት ለማንም ያልነገረችውን የነገረችውም ለእሷ ነው።

በአኙዋ ወግ ሴት ልጅ ስትዳር ድሙይ ይሰጥባታል። ድሙይ ከጥንት የመጣ፣ ዛሬ ማንም የማይሠራው ሰማያዊ ዶቃ ነው፤ ስለዚህ ከቤት ቤት ይዞራል እንጂ አይበዛም። እህት ስትዳር የገባው፣ ወንድም ሲያገባ ይወጣል። አሪየት ስትዳር ዘጠኝ ድሙይ ጎግ ወዳለው አባቷ ቤት ገባ፤ በዓመቱ ታላቅ ወንድሟ ኡጁሉ በዚያው ዘጠኝ ሚስት አገባ። የአሪየት ባል ደግሞ መደብደብ ጀመረ። ሸሽታ አባቷ ቤት ስትደርስ ሽማግሌዎቹ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ድሙዩስ?» እሱ ካልተመለሰ ፍቺ የለም፤ እሱን ለመመለስ ኡጁሉ ቤቱን ማፍረስ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ወደ ባሏ ተመለሰች፤ ስድስት ዓመት። በመጨረሻ ኡጁሉ ከዘመድ ከወዳጅ ለምኖ ዘጠኝ ሞላና ራሱ ወስዶ ባሏ ደጅ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋው። እየጮኸ ቆጠረ፤ ባልየውም ተቀበለ። በቃ፣ ተፈታች።

ያን ነው በአንገት ጌጥ የሠራችው። ዘጠኝ የመዳብ ቤት፣ እያንዳንዱ አንድ ድሙይ የሚያህል፣ ሁሉም ባዶ። ስታደርገው በሽቦው መሀል ቆዳዋ ይታያል።

«የሠራሁት ባዶውን ነው» አለቻት ለሶልያና። «አሁን ማንም አልያዘኝም ማለት ነው።»

ሶልያና አለቀሰች። ከዚያ አዲስ አበባ የጌጥ ጥበብ ዐውደ ርእይ ሊከፈት ስለሆነ ልውሰደው ብላ ለመነቻት። አሪየት አንድ ነገር አስማለቻት፦ «ሶሊ፣ ምንም እንዳትጨምሪበት።»

«እመብርሃንን» አለች ሶልያና።

በሦስተኛው ሳምንት ደስ ብሏት መጣች፤ ጌጡን ከቦርሳዋ አውጥታ በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። ዘጠኙም ቤት ውስጥ ሰማያዊ ዶቃ በማጣበቂያ ተለጥፎ ነበር።

«ሰው ሁሉ ድንጋዩ የት ወደቀ እያለ አዘጋጆቹን አስቸገራቸው» አለች ላቧን እየጠረገች። «ያላለቀ መሰላቸው። እኔም መርካቶ ሄጄ መርጬ ገዛሁለት። ቀለሙ እንዴት እንደገጠመ አየሽ? ከዚያ በኋላ ፎቶ የሚነሳው እሱ ብቻ ሆነ።»

የዐውደ ርእዩን መጽሔትም ሰጠቻት። አሪየት ቀስ ብላ አነበበች፦ «የጋምቤላ ሙሽራ። ሥራ፦ ሶልያና ተሰማ።»

«የእኔ ስምስ?»

«ሐሳቡን እኮ አብረን ነው ያዳበርነው፣ አሪየቴ። ለጊዜው አንቺን ማን ያውቅሻል? በእኔ ስም በሩ ይከፈት፤ ከዚያ አንቺንም አስገባሻለሁ።»

የስሟ መቅረት አሪየትን አሳዘናት፤ ዶቃው ግን አቃጠላት። ተከድታለች። ባሏ እንኳ ሲመታት የት እንደሚያማት አያውቅም ነበር፤ ለዚህች ግን በገዛ እጇ አሳይታታለች። ይኸው ደግሞ ዘጠኙን ሞልታ፣ ሙሽራ ብላ ዳረቻት። አሪየት ግን ውሃ አጠጣቻትና ሸኘቻት።

በማግስቱ ወደ ጎግ ደውላ ወንድሟን ጠራችው። እሱ እስኪደርስ በጋለ ምስማር ዶቃዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ስምንቱ በደህና ወጡ፤ ዘጠነኛው እጇ ላይ ተሰባበረ። ፍቺ በጎደለ አይሆንምና ገበያ ወርዳ ግማሽ ቀን ፈልጋ አቻውን አገኘች። ኡጁሉ ነገሩን ሲሰማ የመርካቶ ብርጭቆ ነው ብሎ አላናናቀውም። በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተከተላት።

ሶልያና ቤት ሲደርሱ ኡጁሉ ነጩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ዶቃዎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠ በአኙዋ ቋንቋ ጮክ ብሎ ቆጠረና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ቆመ።

«መምህር» አለች አሪየት። እንዲህ ብላ ከጠራቻት ዓመታት አልፈዋል። «ያንቺ ሁሉ ተመልሷል። በእኔ እጅ ምንም የለሽም።»

ሶልያና ዶቃዎቹን አየች፤ ኮስተር ብሎ የቆመውን ኡጁሉን አየች፤ ከዚያ ፊቷ በራ።

«በባህላችሁ ነው? ለእኔ?» ብላ አሪየት ላይ ተጠመጠመች። «ዝም ስትይኝ ተቀይማኛለች ብዬ ስፈራ ነበር እኮ። ወንድምሽን ሳይቀር ይዘሽልኝ መጣሽ።» ጨርቁን ከነዶቃዎቹ ሰብስባ ደረቷ ላይ ያዘችው። ወዲያው ደግሞ መልሳ ዘረጋችውና ስልኳን አነሳች። «ጋሼ ኡጁሉ፣ እባክዎ እንደ ቅድሙ እንደገና ይቁጠሩልኝ። ልቅረጸው፤ ለሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ይሆናል።»

ኡጁሉ አማርኛው እምብዛም ነው። ወደ እህቱ ዞሮ በቋንቋቸው «ምን አለች?» አላት።

«ተቀብላለች» አለችው አሪየት። «እንሂድ።»