ለወለተ ኪሮስ የሰጠኋት አባት

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጄ ልጅ ሣራ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ "እማማ፣ ፋሚሊ ትሪ ልንሠራ ነው፤ እስቲ ቅድመ አያቶቻችንን ቁጠሪልን" አለችኝ። ዛፍ ነው አሉ የሚሥሉት። እኛ በጊዜያችን የምንቆጥረው ቤት ነበር። ቆጠርኩላቸው። ስድስተኛው ቤት ላይ፣ ደስታ ከሚባለው አባታችን ስደርስ፣ "ወለተ ኪሮስ የምትባል ልጅ ነበረችው አይደል? ዘመዶች እንዲያ ብለውኛል" አለች። እስከ ዛሬ ለማንም፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር እዚያ ስም ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊት መናገሩ ቢከብደኝ፣ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ይኸው እጽፈዋለሁ። ቢንጋደድባችሁ ታገሡኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ እኔ እዚሁ የካ፣ ተራራው ሥር፣ ከሦስት ሕፃናት ጋር ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት እንጦጦ እወጣለሁ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅሜ፣ አስሬ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ እወርዳለሁ። ያ ቅጠል ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው፤ ስንቴ በቂጤ ተንሸራትቼ ወርጃለሁ መሰላችሁ! ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየቱ ግን… እሱን ሌላ ጊዜ። ታናሽ እህቴ ብርቄ፣ የጉርድ ሾላዋ አያታችሁ፣ ያኔ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ልጆቹን የምታጥበው እሷ። ቀበሌ ሱቅ ለስኳር የምትሰለፈው እሷ። ትንሹን አዝላ የምታባብለው እሷ።

ታደሰ የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ሽማግሌ ላከባት። ጨዋ ልጅ ነው። ብርቄም ስሙ ሲነሳ ፈገግታዋን መደበቅ አትችልም ነበር። የሁለታችንም ወገን ከቡልጋ ነውና ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ታደሰ "ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ ጊዜው የአብዮት ነው" ቢል አባቱ አባባ ታፈሰ፣ "አብዮት ደም አይለውጥም" ብለው እንቢ አሉ።

በእኛ በኩል ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። አያቴ ጥጥ እየፈተለች አስቆጥራኛለች፤ ፊደል ሳልለይ ሰባቱን ቤት በአባትም በእናትም እንደ ዳዊት እወርደው ነበር። "የአስካለ ራስ መዝገብ ቤት ነው" ይሉኛል። ሐሰት ትናገራለች ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ዐቢይ ጾም ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተቀመጡ። አባባ ታፈሰ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። አምስተኛው ቤት ላይ አንዲት ሴት መጣች፤ ወለተ ኪሮስ።

"የማን ልጅ ናት?" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"እሷን እንጃ፤ አባቷ ጠፍቶብኛል።"

"የባለቤትዎ ስምም እንዳይጠፋብዎት ብቻ!" አለ ሌላው፤ ሁሉም ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ዞር ስል ብርቄ ልጄን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች። ነገ እኔ ተራራ ስወጣ ያ ልጅ በማን ጀርባ ላይ ይውላል? ይህችን ብቻ አሰብኩ።

"እኔ አውቃታለሁ" አልኩ። "የኛው የደስታ ልጅ ናት። አያቴ ነግራኛለች።"

አልነገረችኝም። ወለተ ኪሮስ የሚል ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ ነኝ ለማላውቃት ሙት አባት የሰጠኋት። እኔ ነኝ የገዛ እህቴን ባል የነሳኋት።

"ስድስት ቤት!" አሉ አባባ ታፈሰ። "እህትና ወንድም ናቸው እኮ! ተባረኪ ልጄ፣ ከኃጢአት አወጣሽን።"

በውሸቴ ተመረቅሁ። ያን ምርቃት ይዤ ስንት ጊዜ ተራራ ወጣሁ? ከጭራሮው ይከብደኝ ነበር። ብርቄ ግን የሽማግሌዎቹን ብርጭቆ ሰብስባ አጠበች።

ችግር ነው ያናገረኝ ልበል? ችግርማ የጎረቤቶቼም ነበር። እነሱ እህታቸውን ድረው፣ ልጃቸውን ራሳቸው አዝለው ተራራ ወጡ። እኔም እችል ነበር። አልፈለግሁም።

እግዜር ከእኔ ይሻላል። ባለቤቴ በሰላም ተመለሰ። ብርቄም ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ደግ፣ ቀልደኛ ሹፌር አገባች፤ አራት ወለደች። ይኸው የእሷና የእኔ የልጅ ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይንጫጫሉ። የዛሬ ልጆች መገናኛ ላይ ይተዋወቃሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ፤ ቤት የሚቆጥር የለም። ሰው ጊዜው ተበላሸ ሲል እሰማለሁ። እኔ አልከፋኝም። እንደ እኔ ያለ ቆጣሪ አያገኛቸውም።

ልጆች፣ ወለተ ኪሮስን ከዛፋችሁ ላይ አውጧት፤ የኛ አይደለችም። ብርቄዬ፣ ይህን ሲያነቡልሽ ይቅር በይኝ። ባትይኝም እውነትሽን ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሽበታም ሰው "እትዬ አስካለ!" አለኝ። ታደሰ ነው። እሱም አግብቶ፣ ወልዶ፣ አያት ሆኗል። "ወለተ ኪሮስ…" ብዬ ስጀምር አላስጨረሰኝም።

"እሱንማ ያኔውኑ ቡልጋ ወርጄ አጣርቼ መጣሁ እኮ! አባቷ ሌላ ሰው ነው፣ ከእናንተ ጋር አይገናኝም። ለብርቄ ነገርኳት። እስከ ዛሬ አልነገረችዎትም?"

"ምን አለችህ?"

"'ውሸቱ ከወጣ እህቴ በሰፈሩ ቀና ብላ አትሄድም፤ ልጆቿም ገና ናቸው፤ ተወው' አለችኝ። ብለምናት፣ ብለምናት እንቢ አለች።"

መቼ እንደነገራት ጠየቅሁት። የዚያኑ ዓመት ሆሳዕና ነው አለኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጠብቆ።

የዚያን ሆሳዕና ብርቄ ከቤተ ክርስቲያን ዘንባባ ይዛ መጥታ ለልጆቼ በሙሉ ቀለበት ሠራችላቸው። ለእኔም አንድ ሠርታ፣ ራሷ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ።