ስታዲየም የታየው ባና

ዘመሮ ላይ ብርዱ ሲጠና ላም ስትታለብ ወተት ሳይሆን አይብ ነው የሚወርደው። አላምንም የሚል አዲስ አበቤ ሲገጥመኝ ቆርሼ በልቼ አይቻለሁ ብዬ እምልለታለሁ። ቀልዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በዚህና በሌሎቹ ቀልዶቼ የተነሣ የአገሬ የመንዝ ሰው እውነት ሳወራ እንኳ በወንፊት ነፍቶ ነው የሚሰማኝ።

የመጀመሪያው አድማጬ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ክፉ አድማጭ ነበር፤ ቀልዴን ሳልጨርስ ይስቃል። መጨረሻውን አፌ ላይ እንዳለ ይነጥቀኛል። በዚህ ምክንያት ስንቴ ተኳርፈናል!

ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። መጨረሻ የደወለው ከማላዊ ነው። “እዚህ ትልቅ ሐይቅ አለ፤ እሱን ካለፍን መንገዱ ይቀላል ይላሉ” አለና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዝም። ለቅሶ እንዳንቀመጥ ሞተ ያለን ሰው የለም፤ ተደስተን እንዳንጠብቀው አለሁ ብሎ አልደወለም።

ሲሄድ አንዲት ያረገዘች በግ ለእናታችን ትቶላት ነበር። እናቴ “የልጄ ናት” ብላ አላስነካ አለች። በጓ ወለደች፤ የወለደቻቸውም ወለዱ። ወንድሜ በሌለበት የዘመሮ ባለጸጋ ሆኖ አረፈው። ጠዋት መንጋው ከደጃችን ሲወጣ ጎረቤቶቻችን ጉም ወረደ ብለው ያሰጡትን እህል ይሰበስባሉ። ለፋሲካ የሚታረደው ግን ሁልጊዜ የእኔ በግ ነው።

የንስሐ አባታችን ቤታችን በመጡ ቁጥር አንድ ጥያቄ አላቸው።

“ልጄ፣ ስሙን በጸሎት ሳነሣ ከሕያዋን ነው ወይስ ከሙታን? ከሙታን ከሆነ ፍትሐቱ ይደረግለት፤ ተዝካሩም ይውጣ።”

“ትንሽ ይታገሡኝ አባ” ትላቸዋለች እናቴ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ወንድሜ ካለ በጎቹ የራሱ ናቸው። ከሌለ ለተዝካሩ ይታረዳሉ። እናቴ ደግሞ እያረጀች ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ መሞትን ትፈራለች።

እንግዲህ ኳሱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ለብሔራዊ ቡድናችን የሚሆን ሜዳ አገር ውስጥ ጠፍቶ “የሜዳችንን” ጨዋታ በሰው አገር እንጫወት ነበር። በሰው ቤት ድግስ ጠርቶ እንግዳ እንደመቀበል ያለ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ባለሜዳ የሆንነው ማላዊ ነበር። ዘመሮ ካለው ሻይ ቤት ተጨናንቀን ስናይ፣ ካሜራው ኳሱን ትቶ ደጋፊውን ማሳየት ጀመረ። ባንዲራ የለበሰ፣ ፊቱን ቀለም የተቀባ፣ የሚዘል፣ የሚያፏጭ። ከነሱ መሐል አንድ ሰው ባና ደርቦ ቁጭ ብሏል።

ባና የኛ አገር የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው። መንዝ ውስጥ ስንት ባና እንዳለ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው፤ ይሄኛውን ግን እኔም አውቀዋለሁ። እናቴ የፈተለችው ነው። መሬቱ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ላይ ነጭ ጥለት አለው። ነጩ ፀጉር አልቆባት ስለነበር የጥለቱን መጨረሻ በግራጫ ነው ያስጨረሰችው። ሸማኔው “ኧረ ያስቃል” ቢላት “ልጄ ሲጠፋበት በዚህ ይለየዋል” አለችው። በነጭ ጀምሮ በግራጫ የሚጨርስ ጥለት ያለው ባና በዓለም ላይ አንድ ነው። እሱም ከወንድሜ ትከሻ ላይ ነበር የሄደው።

ዘልዬ ተነሣሁ። “የወንድሜ ባና! ያውላችሁ የወንድሜ ባና!”

ካሜራው ወደ ኳሱ ተመለሰ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። “ባናውን ካየህ አይብ የምትታለበዋን ላም ከጎኑ አላየሃትም?” አለኝ አንዱ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት አልሳቀችም። አክስቴ “ይኼ ቀባጣሪ! ደግሞ በዚህ መጣባት?” ብላ ልትቆጣኝ ስትል እናቴ በእጇ ከለከለቻት።

“ተይው። እሱ ሲዋሽ ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየው። ዛሬ መሬት መሬት ነው ያየው።” ቀጥላም “ሂድና ፈልገው” አለችኝ።

“በምን እሄዳለሁ? ከሱ በጎች ጥቂት ልሽጥ?”

“የልጄን በግ እንዳትነካ!”

እሱን ልፈልግ የኔን በሬ ሸጬ ሄድኩ። በሬዬ እስካሁን ቢኖር ኖሮ ማላዊን ያየው እኔ ሳልሆን እሱ ይመስለው ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት አስተዋይ በሬ ነበር።

ለቀጣዩ ጨዋታ ከአዲስ አበባ ከሚጓዙ ደጋፊዎች ጋር ተቀላቀልኩ። እናቴ ለወንድሜ በሶ አሸከመችኝ። አየር ማረፊያ ላይ ፈታሹ ከረጢቱን ፈትቶ ዱቄቱን በጣቱ እየነካካ “ምንድን ነው?” ሲለኝ “ገብስ ነው፤ አንድ ጭብጥ የቃመ ሰው ያለ አውሮፕላን ይበርራል” አልኩት። ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። አለቃው እስኪመጣ፣ አለቃው ራሱ በጥብጦ እስኪጠጣ፣ ከዚያም “ትንሽ ስኳር ቢኖረው” እስኪል ድረስ ቆምኩ።

ማላዊ ስንደርስ አስጎብኚያችን ከተማዋን አዞረን። ገበያውን፣ ከእንጨት የሚቀርጹትን ሰዎች፣ ዛፍ የሞላባቸውን መንገዶች አየን። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሡ እኔ የማየው የሰው ማጅራት ነበር። የወንድሜ ማጅራት ላይ ሕፃን ሆኖ ከደረጃ ወድቆ የቀረበት ጠባሳ አለ። ያ ሁሉ ሰው ከኋላው ሲታይ ወንድሜን ይመስለኝ ጀመር። ብስክሌት ላይ ሙዝ ጭኖ የሚሄደው፣ ባንክ በር ላይ የቆመው ዘበኛ። አንዱን ተከትዬ መንገድ ተሻግሬ ፊቱን ሲያዞር ሽማግሌ ሆኖ አገኘሁት። በቋንቋቸው ሰላም አሉኝ። እኔም በአማርኛ “ይቅርታ፣ በሕይወት ያለ ሰው መስለውኝ ነው” አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ከተማዋ ቀዘቀዘችኝ።

የጨዋታው ቀን ስታዲየም ገብቼ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ቆምኩ። ከጎኔ ያለው ደጋፊ ታገሠኝ፣ ታገሠኝ፣ በመጨረሻ “ጋሼ፣ ኳሱ እኮ በዚያ በኩል ነው!” አለኝ።

“አውቃለሁ፤ እኔ ካየሁት ስለሚያፍር ጎል አይገባም” አልኩት። “እንግዲያውስ እንዳታይ!” አለኝ ከልቡ።

ካሜራው ከቆመበት ፊት ለፊት፣ ከታች ረድፍ ላይ፣ ባናውን አየሁት። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ የስንት ሰው እግር ረግጬ መሰለኝ። ከኋላው ቆሜ ማጅራቱን አየሁ። ጠባሳ የለውም። የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ነው፣ የኛው አገር ልጅ።

“ይህን ባና ከየት አመጣኸው?”

ጠርዙን ሰብሰብ አደረገ። “የሰው ነው።”

“የማን?”

“የመንዜው። መንገድ ላይ ሰው በስሙ አይጠራም ጋሼ፤ ባገሩ ነው። እኔን ሆሳዕና ነበር የሚሉኝ።”

“መንዜው ምን ዓይነት ሰው ነበር?”

ልጁ ሳቅ አለ። “ተደራርበን ተጭነን ስንሄድ የሚያስቀን እሱ ነበር። አገሬ ብርድ ሲሆን ላም አይብ ነው የምትታለበው ይለናል። ዋሸህ ስንለው ‘ወንድሜ ቆርሶ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ’ ብሎ ይምላል።”

በዕድሜዬ የመሰከረልኝ ሰው ወንድሜ ብቻ ነው። ሳይጠሩት፣ እኔ በሌለሁበት፣ በሰው አገር ጭነት መኪና ላይ ሆኖ በውሸቴ ምሎልኛል።

ልክ በዚያች ቅጽበት ጎል አገባን። ስታዲየሙ ፈነዳ። የማላውቃቸው ሰዎች አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ እንባዬን ሲያዩ “አይዞህ፣ አሸንፈናል!” እያሉ ጀርባዬን መቱኝ።

በማግስቱ ደጋፊው ሐይቁን ሊጎበኝ ሲሄድ ልጁን የመንዜው ወንድም መሆኔን ነግሬው በአውቶቡሳችን ይዤው ሄድኩ። እዚያው ከተማ ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ዘግቷት መጣ። ሐይቅ ሲሉኝ የጠበቅሁት ሐይቅ ነበር፤ የደረስኩበት ግን ወዲያ ማዶ የሌለው ውሃ ነው። ደጋፊዎቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እየተረጫጩ ገቡ። እኛ አሸዋው ላይ ተቀመጥን።

“ጀልባ የተሳፈሩት እዚህ ነው?” አልኩት።

“አይደለም። ወደ ሰሜን ሩቅ ነው። ውሃው ግን አንድ ነው።” ከዚያ ነገረኝ። ያኔ ልጁን ወባ ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀልባው ሞልቶ ስለነበር የታመመ አንጭንም አሉ። ወንድሜ ባናውን አውልቆ ደረበለትና “ስንገናኝ ትመልስልኛለህ” ብሎት ተሳፈረ። ከዚያ ጀልባ ላይ ከነበሩት ደረስኩ ብሎ የደወለ እስካሁን አልተሰማም። ሰጠመ ያለም የለም። ሌላ ወደብ ወርደው ታስረዋል የሚል ወሬ ነበር፤ እሱም ወሬ ሆኖ ቀረ።

ልጁ ተነሥቶ በጣሳ ከሐይቁ ውሃ ቀዳና የእናቴን በሶ በጠበጠ። ግማሹን ጠጥቶ “ለካ እሱ የሚያወራለት በሶ ይሄ ነው!” ብሎ ጣሳውን ሰጠኝ። እኔ፣ ዘመሮ ላይ ለሰርግ ስጠራ ባለሰርጎች ተጨማሪ በግ የሚያርዱልኝ ሰው፣ ጣሳውን ይዤ ቀረሁ። ያንን ውሃ ልውጠው አልቻልኩም።

ልጁ ፊቱን ሲያዞር ወደ ውሃው ዞሬ ቀልዱን ጀመርኩት፤ በቀስታ፣ “ዘመሮ ላይ ብርዱ ሲጠና...” ብዬ። እስከ መጨረሻው ድረስ ተናገርኩት። ሳልጨርስ የሚስቅ አልነበረም።

ስንነሣ ባናውን ለእናቴ ልውሰድላት አልኩት።

“አልሰጥህም ጋሼ።”

“የእናቴ ፈትል እኮ ነው!”

“አውቃለሁ። እሱ ግን ስንገናኝ ትመልስልኛለህ ነው ያለኝ። ለወንድሜ ስጠው አላለኝም።” ትከሻው ላይ አጥብቆ ያዘው። “ካለ በምን ያገኘኛል? ስልኬን አያውቅ፣ ቤቴን አያውቅ። ኢትዮጵያ ስትጫወት ግን የትም ቢሆን ቴሌቪዥን ፈልጎ ያያል። ለምን ካሜራው ፊት የምቀመጥ ይመስልሃል?”

ልቀማው እችል ነበር፤ ከሱ በጉልበት እበልጣለሁ። እጄ ግን እንቢ አለኝ።

ዘመሮ ስገባ ሻይ ቤቱ ከበበኝ፤ “ጎሉ እንዴት ነበር?” አሉኝ። በጭንቅላት እንደገባ፣ ኳሱ መረቡን ቀዶ ወጥቶ ቡና የሚሸጥ ሰው ጀበና እንደሰበረ አወራሁላቸው። በእግር ነበር የገባው። እነሱ በቴሌቪዥን አይተውታል፤ እኔ ከቦታው ሆኜ አላየሁትም።

ለእናቴ ግን አንድም ሳልጨምር ነገርኳት፤ መሬት መሬት እያየሁ። የጣሳውን ነገር ብቻ ዘለልኩ። 

“ባናውን አልሰጥም አለ?”

“አልሰጥም አለ።”

“የሰው ልጅ ነው” አለች። ቀጥላ ደግሞ “ያኛውን ለባለቤቱ ካስቀመጠ እሱ ራሱ ምን ሊለብስ ነው?” አለችኝ። በዚያው ሳምንት የወንድሜ በጎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸለቱ። የአንድም በግ ደም አልፈሰሰም፤ ፀጉሩን ብቻ ሰብስባ ለሆሳዕናው ልጅ መፍተል ጀመረች።

የንስሐ አባታችን መጥተው ነገሩን ሁሉ ሰሙ። “እንግዲህ ልጄ፣ ከሕያዋን ነው ከሙታን?” አሏት።

እንዝርቷን አቆመች። “አባ፣ በቅዳሴው ለመንገደኞች ይጸለይ የለም?”

“ይጸለያል።”

“እንግዲያው ከዚያ ያስገቡልኝ።”

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው ያንን ባዶ ማዕዘን አዩት፤ ወንድሜ ይተኛበት የነበረውን። እኔም አየሁት። እሷ አላየችም።

አሁን ቡድናችን ሲጫወት እናቴ እንዝርቷን ይዛ ሻይ ቤት ትመጣለች። ከፊት ወንበር ይለቁላታል። ሻይ ቤቱ ሲጮህ አትጮህም፤ ጎል ሲገባ የበጎቹን ፀጉር ትፈትላለች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ቀልድ አወራለሁ፤ መሐል ላይ ስደርስ ሳላውቀው ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። ባለፈው ካሜራው ወደ ደጋፊው ዞር ብሎ ገና የሰውን ፊት ሳንለይ ወደ ሜዳው ሲመለስ፣ ከወንበሯ ብድግ አለች።

“ኧረ ኳሷን ተዉአት!” አለች ለቴሌቪዥኑ፣ “ሰዉን አሳዩኝ!”