የእናቴ እንስራ በሦስት ቤት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበር። በደርግ ጊዜ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር፤ ቀበሌው ጠራኝና መስመር የተሰመረበት እንጨት ሰጥቶ ውሃ ለኪ አደረገኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ጉለሌ ውስጥ ቦኖ ሊተክል ነው። ቦኖው አንድ ብቻ ስለሆነ ወይ ለእኛ ለላይ ሰፈር ወይ ለታች ሰፈር ይደርሳል። ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ በየቤቱ ስንት ሊትር ንጹሕ ውሃ እንዳለ እለካለሁ፤ ውሃ ያነሰው ሰፈር ቦኖውን ያገኛል። ሥራው ለእኔ የተፈጠረ መሰለኝ።

እኛ ሰፈር ውሃ እንደሌለ ለማወቅ ልኬት የሚያስፈልገው ሰው መኖሩ ራሱ ያናድደኝ ነበር። ያለው ቦኖ እታች አዲሱ ገበያ አጠገብ ነው። ሲከፈት ሰልፉ አያልቅም፤ ሲዘጋ ደግሞ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ እንቀዳለን። ያንን ዳገት እንስራ አዝላ ስትወጣ የእናቴ ወገብ አልቋል። ስትቀመጥም ስትነሳም ታቃስታለች። ስለዚህ ቦኖው የእኛ መሆን አለበት፤ ይሆናልም ብያለሁ።

የመጀመሪያው ቤት ስገባ እንስራው ጢም ብሏል። ደነቀኝ፣ ግን ጻፍኩ። ሁለተኛውም ቤት ሙሉ ነው። ዓይኔ መለኪያዬ ላይ ስለነበር እንስራውን ልብ አላልኩትም። ሦስተኛው የሸማኔው ቤት ነው። ሚስቱ ቁና ቁና እየተነፈሰች በር ከፈተችልኝ። እንስራው ሙሉ፣ መሬቱ እርጥብ። ጎንበስ ብዬ ሳየው አንድ ጆሮው የተሰበረ፣ አንገቱ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት የእናቴ እንስራ ነው! ለካ ሴቶቹ በጓሮ አጥር እየተቀባበሉት ከእኔ ቀድሞ ይገባ ኖሯል።

ቱግ አልኩ። ንዴት መደበቅ አላውቅበትም። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ ምን ማድረግሽ ነው? ሁሉም ቤት ውሃ ሞልቷል ተብሎ ቦኖው ለታች ሰፈር ይሰጥ?»

«እና ቀበሌ የላከው ሰው ገብቶ የጎረቤቶቼን ባዶ እንስራ ይይ?»

«የገባሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«እዚህ ልጄ ነሽ። ወረቀት ይዘሽ ሰው ቤት ስትገቢ እንግዳ ነሽ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«እኛ በሽተኞች አይደለንም» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ለድርጅቱ መሐንዲስ የጻፍኩትን ቁጥር ራሴ እንደማላምነው ነገርኩት። በማግስቱ ሊያይ መጣ። ሆን ብዬ መጀመሪያ እኛ ቤት አስገባሁት። ዳገቱ ላብ በላብ አድርጎታል። እናቴ ማልዳ ወርዳ እንስራዋን ሞልታለች፤ ቦኖው ተዘግቶ ስለነበር ውሃው የወንዝ ነው።

«እማማ፣ የሚጠጣ ውሃ ይኖርዎታል?» አላት ገና ሳይቀመጥ።

እናቴ ጣሳ አለቅልቃ ቀዳች። ልትሰጠው እጇን ዘረጋችና ቆም አለች። ጣሳውን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ደጅ ወጥታ ደፋችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ይኼ ለእንግዳ አይሆንም።»

«እናንተስ ምን ትጠጣላችሁ?»

«እኛማ ይኼንኑ።»

ከአፏ ስሰማው ነገሩ በራልኝ። የሰፈሬ ሴቶች እንስራ ይዋዋሳሉ እንጂ መጥፎ ውሃ ለእንግዳ አያቀርቡም። እንጨቱን እዚያው ግድግዳ ላይ አስደግፌ ከመሐንዲሱ ጋር እንደገና ቤት ለቤት ዞርኩ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይኼን ውሃ ለእንግዳ ትሰጣላችሁ? ቦኖውን ለላይ ሰፈር ያመጣው ይህ ጥያቄ ነው፤ አንዷም ልትዋሽበት አልቻለችም።

የሸማኔው ሚስት እንዲያውም እንደ ስድብ ቆጠረችው።

«ለእንግዳ? ኧረ በስመ አብ! ይኼን የምሰጠው ለልጆቼ ነው!»

ያለችውን ራሷ ሰማችው። ትንሹ ልጇ አጠገቧ ቆሞ እየጠጣ ነበር። ዞር ብላ ጣሳውን ከእጁ ቀማችው።