በየአሥራ ሁለት ቀኑ

ደብረ ታቦር በሠራሁባቸው ዓመታት ከሰው ይልቅ ከመሬት ጋር ነበር የምውለው። ሥራዬ የመሬትን መስመጥ መከታተል ነው። ይፋግ አካባቢ ገበሬው የጉድጓድ ውኃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያለማል፤ ውኃው ከሥር ሲሟጠጥ መሬቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። በዓይን አይታወቅም። ሳተላይት ግን በየአሥራ ሁለት ቀኑ ከላይ እያለፈ በራዳር ይለካዋል፤ እኔም ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ አነባለሁ። የኪራይ ቤቴን ከፍቼ ስገባ እንዴት ዋልክ የሚለኝ አልነበረም።

የሽንኩርት ማሳ ለራዳር አይመችም፤ ዛሬ ይታረሳል፣ ነገ ይበቅላል። ስለዚህ ሦስት ዝርግ ብረት እንደ ቤት ጥግ አገጣጥመን፣ ራዳሩ አጥርቶ እንዲያየው አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ተከልነው። ከብት የማይገባበት ደህና አጥር የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ናት።

ብረቱ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በየአሥራ ሁለት ቀኑ ከሰማይ እንደሚታይ፣ እኔም ደብረ ታቦር ሆኜ እንደማየው ነገርኳቸው። እኔንስ ታየኛለህ አሉኝ።

«አንቱንማ እንዴት አላይም» አልኩ፣ ጨዋታ መስሎኝ።

ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው ካሳቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ራዳሩ ሰው አይለይም። ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ሳቃቸውን ላበላሽ አልፈለግሁምና መኪና ተሳፈርኩ።

ለካ ቀኑን ይቆጥሩ ኖሯል። በየአሥራ ሁለት ቀኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ብረቱ አጠገብ ይቀመጡ ነበር አሉ። እኔ የማየው አንዲት ብሩህ ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቧ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ስትወርድ ሥራዬ ሰመረ ብዬ እኮራ ነበር። የሚሰምጠው የእሳቸው ግቢ መሆኑ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ፤ ሄጄ ግን አልጠየቅኋቸውም። ሪፖርት ጻፍኩ።

አንድ ቀን ብረቱን ላጸዳ ስወርድ፣ ወጌሻ እግራቸውን አስሮት አልጋ ላይ አገኘኋቸው። ብረቱ አጠገብ አዳልጧቸው ጠዋት ወድቀው፣ ሽንኩርት የሚያጠጡ ሰዎች ያገኟቸው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ነበሩ። ታዲያ ለምን ድረሱልኝ አላሉም ብዬ ተቆጣኋቸው።

«ያንተ ቀን ነበር እኮ» አሉኝ። «አይቶኛል፣ አንዱን ደውሎ ይልክልኛል ብዬ፣ ሰው ከሥራው ላስፈታ አልወደድሁም።»

የዚያን ዕለት ምስል ጥርት ብሎ ደርሶኝ ነበር። ነጥቧን አይቼ፣ መውረዷን መዝግቤ፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። በዕድሜዬ እንደዚያች ሰዓት ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ፊቴን ሳዞር አዘኑልኝ።

«ደመና ሁኖብህ ነው?» አሉኝ።

ራዳር ደመና አያግደውም።

«አዎ እማማ» አልኳቸው፣ «ደመና ነበር።»