ቀለም ያልነካው አውራ ጣት

የያዙኝ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ የተያዘ ሰው ቅዳሜንና እሁድን ያለ ፍርድ ቤት እንደሚያሳልፍ የገባኝ በኋላ ነው። ኮተቤ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ጥፋቴ ፌስቡክ ላይ የጻፍኳት አራት መስመር ነበረች። የሰፈሩ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ሰባት ተማሪዎቼ ከክፍል መቅረታቸውን፣ የት እንደገቡ የሚነግረኝ ሰው ማጣቴን ነበር የጻፍኩት።

የካ ውስጥ ባለ አንድ ጣቢያ፣ ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ሰዎች ነበርን። ክፍሉ ሽንት፣ እርጥብ ካልሲና ያደረ ወጥ ይሸታል። ከፍ ብላ በተሰራችው መስኮት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ከበሩ እስከ ግድግዳው አራት እርምጃ ነው፤ የሰው እግር እየረገጥኩ እመላለሳለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ራሱም እስረኛ ነው፤ ለምን እንደታሰርኩ ጠይቆኝ ስነግረው «ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?» አለኝ። የሥነ ዜጋ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙማ ሁሉም ሳቁ።

ሕጉ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል ይላል። ሰዓቱን ስቆጥር ነበር። እሁድ አርባ ስምንቱ ሞላ፤ ማንም አልጠራኝም። የተናደድኩት ከፖሊሶቹ ይልቅ በራሴ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር ያመንኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እንጦጦ ላይ ድንችና ገብስ ያመርታሉ፤ ጋቢያቸው ገና የማገዶ ጭስ ይሸታል። የታሰሩት የወረዳ ስብሰባ ላይ ተነስተው «መሬታችንን ስትወስዱ ማንን ጠየቃችሁ?» ስላሉ ነው። ማንበብ አይችሉም። ሰኞ ጠዋት ቃላቸው ላይ በጣታቸው እንዲፈርሙ እንደሚጠሩ ተነገራቸው። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። የምታስተምረው ነገር እዚህ ይሠራል?»

አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ፈተና በሰጠሁ ቁጥር ተማሪዎቼን ጥያቄውን ሳታነቡ እንዳትመልሱ እላቸዋለሁ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

«አባባ፣ የጻፉትን ሳያነቡልዎት በጣትዎ እንዳይፈርሙ። መብትዎ ነው።»

መብትዎ ነው ስል ድምፄ መማሪያ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ከፍ አለ። ኋላ ላይ ፈራሁ። እኔ በአፌ የተናገርኩትን እሳቸው በገላቸው ሊከፍሉት ነው።

ተጠርተው ሄዱ፤ ቆዩም። እኔ ስመላለስ በዚያን ቀን ማንም አልተቆጣኝም። ሲመለሱ ግራ ጉንጫቸው ቀልቷል። ቀኝ አውራ ጣታቸውን አንስተው አሳዩን፤ ቀለም አልነካውም። ካልተነበበልኝ ብለው ድርቅ ሲሉ መርማሪው እየተነጫነጨ አነበበላቸው። ወረቀቱ ሕዝቡ ድንጋይ እንዲወረውር ቀስቅሼያለሁ ይላል። «እኔ ያልኩት ይህን አይደለም» ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

ከሰዓት በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። መርማሪው ወንበር ሰጠኝ፤ ተማሪዎችህ ናፍቀውሃል አይደል እያለ አጫወተኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። የጻፍኩት ሐሰት እንደነበር አምናለሁ፣ ሁለተኛም አልጽፍም ይላል። ፈርሜ መሄድ እንደምችል ነገረኝ። በመስኮቱ ባለቤቴን አየኋት። ከሰፈራችን ከወሰን በታክሲ መጥታ፣ የምግብ ሳህኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሰባተኛ ወሯ ነበር።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉም ገብቶኛል። ፈረምኩ።

ጃኬቴን ልወስድ ተመልሼ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማለች ስል ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። ቢወቅሱኝ በቀለለኝ ነበር። እሳቸው ግን ያንኑ ንጹህ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ።

«ሂድ፣ ሚስትህ ፀሐይ ላይ አትቁም» አሉኝ። «ማስተማሩን ግን አይሠራም ብለህ እንዳትተው። አንብቡልኝ ባልል ይሄኔ ድንጋይ ወርዋሪ ሆኜ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እንጦጦ ወጥቼ ጠይቄያለሁ። ያሉበትን የነገረኝ የለም።

በቅርቡ የሐሳብ ነፃነት የሚለው አንቀጽ ላይ ስንደርስ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ሪል ላይፍ ላይ ይሠራል?» አለችኝ። ስለ አንድ ገበሬ አውራ ጣት ነገርኳት። ስለ ራሴ ፊርማ አልነገርኳትም፤ ያ ሌሊትም ቀንም አላስቀምጥ አለኝ። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ።

አልጽፍም ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት ዛሬም ፋይል ውስጥ አለ። ይህኛው ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስሜን ከሥሩ ላኑርበት አላኑርበት እያልኩ፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው እመላለሳለሁ።